የተመረጠችው ቀለም ታሪክ

በብራና ላይ የሚጽፍ የቁም ጸሐፊ ሁለት ቀለማት በአጠገቡ ያኖራል፤ አንዱ ጥቁር፣ ሁለተኛው ቀይ። ቃሉ ሁሉ በጥቁር ሲወርድ ቆይቶ የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም ወይም የቅዱሱ ስም በደረሰ ጊዜ ጸሐፊው የጥቁሩን ብርዕ አኑሮ የቀዩን ያነሣል፤ አንባቢውም ገጹን ገና ሲገልጥ፣ ፊደሉን ሳይለይ፣ ክብሩ የት እንዳለ በዓይኑ ያውቃል። ገጹ በሙሉ ቀይ ቢሆን ኖሮ ግን ቀይነቱ ምንም ነገር ባላመለከተው ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር ፎቶግራፍ እያረሙ አንዱን ነገር በቀለሙ አስቀርተው የቀረውን ሁሉ ወደ ጥቁርና ነጭ የሚመልሱ ባለሙያዎች የሚያገለግሉት ይህንኑ ሕግ ነው፤ ሥራቸውም ከኮምፒዩተር ጋራ የተወለደ ቢመስልም፣ ዕድሜው ከራሱ ከፎቶግራፍ ዕድሜ ጋራ የተካከለ ነው። እንግዲህ ነገሩን ከጥንቱ አንሥተን በየዘመኑ እንከተለው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1839 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር የብርሃንን ሥዕል በብር በተለበጠ የመዳብ ገጽ ላይ አትሞ የማስቀረቱን ጥበብ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አማካይነት ለዓለም በገለጠ ጊዜ፣ ያየው ሁሉ አደነቀ፤ የጢሙ ጠጕርና የልብሱ ክር አንድ በአንድ እስኪቈጠር ድረስ ጠርቶ ይታይ ነበርና። ነገር ግን አድናቆቱ ውሎ ሳያድር አንድ ቅሬታ ተከተለው፤ ይኸውም ፊቱ የሕያው ሰው ፊት ሆኖ ሳለ ደም የሌለው፣ እንደ አመድ የነጣ መምሰሉ ነው። ይህን ጕድለት ለመሙላት ቀድመው ከተነሡት አንዱ በስዊዘርላንድ በሳንክት ጋለን ከተማ የሚኖረው ሠዓሊ ዮሐን ባፕቲስት ኢዘንሪንግ ነበር፤ እርሱም ከሙጫ ጋራ የተዋሐደ የቀለም ዱቄት በቀጭን ብሩሽ እየነሰነሰ የሥዕሉን ገጽ ማቅላት ጀመረ። በ1842 ደግሞ ሪቻርድ ቢርድ የተባለው እንግሊዛዊ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር በአገሩ የባለቤትነት መብት አገኘበት።

የአሠራሩ ረቂቅነት በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። የብሩ ገጽ ከቢራቢሮ ክንፍ የማይሻል ስስ ስለ ነበር፣ ብሩሹ ትንሽ ቢከብድ ሥዕሉን ከነቀለሙ ጠርጎ ይወስደው ነበር፤ ስለዚህ ባለሙያው ዱቄቱን እፍኝ ሙሉ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ካኖረ በኋላ በአፉ ትንፋሽ ገጹን እፍ ይለዋል፤ የትንፋሹም እርጥበት ሙጫውን አለስልሶ ቀለሙን ከስፍራው ያጸናዋል። እንዲህ ባለ ጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ሥዕሉን ሙሉውን ሊቀባ አይችልምና፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮችን ብቻ ይመርጥ ነበር፤ ጕንጩን በሮዝ ቀለም ያሞቀዋል፤ ቀለበቱንና የአንገት ሐብሉን በወርቅ ቀለም ይነካዋል፤ የቀረውን በግራጫው ይተወዋል። ሕይወቱ በጕንጩ፣ ክብሩ በጌጡ ተገለጠ ማለት ነው። ምርጫው ከችግር የተወለደ ቢሆንም ለዓይን ያስተማረው ትምህርት ግን ከችግሩ አልፎ ኖረ።

ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ ጥበቡ ወደ ምሥራቅ ተሻገረ። ከ1863 ጀምሮ በጃፓን በዮኮሐማ ወደብ የተቀመጠው ፌሊቼ ቤያቶ በወረቀት የታተሙ ፎቶግራፎቹን በእጅ እያስቀለመ ለተጓዦች ይሸጥ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ የተነሣው ኩሳካቤ ኪምቤይ ይህንኑ ሥራ አስፍቶ ቀጠለበት። ነገር ግን የፎቶግራፍን ዕጣ የለወጠው ነገር የተደረገው ከብሩሽ ርቆ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ነበር። በሜይ 1861 ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተገኝቶ፣ አንዲት ባለ ብዙ ቀለም ጥብጣብ ሦስት ጊዜ ተነሥታ፣ አንዱ በቀይ፣ ሁለተኛው በአረንጓዴ፣ ሦስተኛው በሰማያዊ ማጣሪያ ያለፈውን ሥዕል በአንድ ግድግዳ ላይ በብርሃን ደራርቦ አሳየ፤ ሦስቱም በተገናኙ ጊዜ ጥብጣቢቱ ከነቀለሟ ታየች። ማናቸውም ኅብር በሦስት ብርሃናት ሊከፈልና ከሦስት ብርሃናት ሊገነባ እንደሚችል ተገለጠ፤ ይህም ምሥጢር ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የኮምፒዩተር ሥዕል ሁሉ መሠረት ሆነ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሥዕል መንቀሳቀስ በጀመረ ጊዜ የቀለም ቀቢው ድካም እጅግ በዛ። በዚያን ዘመን አንድ ደቂቃ የሚታይ ፊልም ወደ 1,000 የሚጠጉ ክፈፎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ክፈፍ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ ነበር። በፓሪስ የኤሊዛቤት ቱዊሊየ የቀለም ቤት 200 ያህል ሴቶች ተቀምጠው የዦርዥ ሜልየስንና የሌሎችንም ፊልሞች በእጅ ይቀቡ ነበር፤ አንዲቱ ሴት አንድ ቀለም ብቻ ይዛ ክፈፉን ሁሉ ትቀባና ለሁለተኛዪቱ ታስተላልፋለች፤ ሁለተኛዪቱም የራሷን ቀለም በስፍራው ታኖራለች። በ1903 በአሜሪካ የወጣው የኤድዊን ፖርተር የባቡር ዝርፊያ ፊልም በአንዳንድ ቅጂዎቹ የጥይቱን ጢስና የጭፈራውን ቀሚስ ብቻ ቀለም ቀብቶ አሳየ፤ ተመልካቹም ዓይኑን ወዴት እንደሚመልስ ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር።

የፓቴ ኩባንያ ደግሞ ድካሙን ለማቅለል አንድ ብልሃት አገኘ፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፊልም ወስዶ፣ ቀለሙ የሚገባበትን ስፍራ ብቻ በስለት ቈርጦ ማውጣትና፣ በዚያ ቀዳዳ በኩል ቀለሙን ማሳለፍ ነው። የተቈረጠው ስፍራ ያሳልፋል፤ ያልተቈረጠው ይከለክላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን አሠራር በልብህ አኑራት፤ ከ90 ዓመት በኋላ በኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ስም ይዛ ትመጣለችና።

እስከዚህ ድረስ ቀለም የሚያገለግለው ጌጥን ነበር፤ በ1920ዎቹ ግን የሐሳብ ተሸካሚ ሆነ። ኤሪክ ፎን ሽትሮሃይም በ1924 «ስስት» የተባለውን ፊልሙን ባወጣ ጊዜ፣ ገንዘብን መውደድ ሰውን ደረጃ በደረጃ ሲያጠፋው የሚያሳየው ይህ ታሪክ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ወርቁን ብቻ ቢጫ አስቀባው፤ የነፍስ በሽታ ምክንያቷ በዓይን እንድትታይ። በሚቀጥለው ዓመት በዲሴምበር ደግሞ በሞስኮ በቦልሾይ ቴአትር የሰርጌይ አይዘንሽታይን «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ፊልሙ በ1905 በጥቁር ባሕር ያመፁትን መርከበኞች የሚያሳይ ሲሆን፣ በመርከቡ ምሰሶ ላይ ሰንደቁ ሲሰቀል ያ ሰንደቅ ቀይ ሆኖ ተውለበለበ፤ በዙሪያው ያለው ሰማይና ባሕር፣ መርከቡና ሰዉ ሁሉ ግራጫ እንደ ሆነ ነው። የዚያን ዘመን ፊልም ቀይን እንደ ጥቁር የሚያይ ስለ ነበር፣ ሲቀረጽ የተሰቀለው ሰንደቅ ነጭ ጨርቅ ነበር፤ ቀይነቱንም በኋላ ክፈፍ በክፈፍ በብሩሽ ሰጡት። በአዳራሹ የተቀመጠው ሕዝብ ግን ያየው ብሩሹን ሳይሆን የዐመፁን ምልክት ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ የቀለም ብርቅነት እየቀረ ሄደ። የሊዩሚየር ወንድማማቾች በ1907 ለገበያ ያወጡት፣ በቀለም በተነከረ የድንች ስታርች የሚሠራው አውቶክሮም፣ ቀጥሎም ኮዳክ በ1935 ያወጣው ኮዳክሮም ተራው ሰው ሳይቀር ዓለሙን ከነቀለሙ እንዲያነሣ አደረጉት። ቀለም ለሁሉ በተዳረሰ ጊዜ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ቀድሞ ግዴታ የነበረው፣ በፈቃድ የሚመረጥ ሆነ። በ1963 አኪራ ኩሮሳዋ «ገነትና ሲኦል» በተባለው ፊልሙ ይህን ምርጫ ተጠቅሞ፣ ተመልካቹን ከአንድ ሰዓት በላይ በጥቁርና ነጭ ካቈየው በኋላ፣ ከከተማይቱ ጭስ ማውጫዎች በአንዱ ሮዝ ቀለም ያለው ጢስ ሲወጣ አሳየው። ለተሰረቀ ልጅ ማስለቀቂያ የተከፈለው ገንዘብ የነበረበት ቦርሳ ሲቃጠል፣ በቦርሳው ስፌት ውስጥ የተሸሸገው መድኃኒት ባለ ቀለም ጢስ ሆኖ ወጣ ማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ያ ቀለም ማስረጃ ነው፤ መርማሪውና ተመልካቹም በአንዲት ቅጽበት አብረው ያዩታል። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላም በ1983 ባወጣው ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚዋጉትን ዓሦች በቀለም አስቀርቶ ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

በዚህ መካከል ሌላ ምንጭ በስውር ይፈስ ነበር። በ1957 በአሜሪካ የብሔራዊ ስታንዳርድ ቢሮ ይሠራ የነበረው ራስል ኪርሽ የሦስት ወር ልጁን ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ፤ ሥዕሉም ወርዱ 176፣ ቁመቱም 176 ነጥብ ብቻ ነበር። ከዚያም ሠላሳ ዓመት ሲሆን፣ በ1987፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል በማኪንቶሽ ኮምፒዩተሩ ጥቁርና ነጭ መስኮት ላይ የግራጫን ደረጃዎች የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፈ፤ በፊልም ጥበብ ድርጅት ይሠራ የነበረው ወንድሙ ጆን ያንን አይቶ ሥዕልን የሚያርም ሙሉ መሣሪያ እንዲያደርገው መከረው። ሁለቱ ወንድማማቾች ያሳደጉትን ፕሮግራም አዶቢ የተባለው ኩባንያ ተቀብሎ በፌብሩዋሪ 1990 ፎቶሾፕ በሚል ስም አወጣው። ዛሬ ቀለምን ለመምረጥና ለመንሣት ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት መሣሪያ መነሻው ግራጫን በትክክል የማሳየት ጥረት ነበር።

ኮምፒዩተሩ ቀለምን የሚያየው ማክስዌል እንደ ከፈለው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቍጥሮች አሉት፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ ሲሆን፣ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 ይደርሳል፤ ከእነዚህም መዋሐድ 16,777,216 ኅብራት ይገኛሉ። ሦስቱ ቍጥሮች እኩል በሆኑ ጊዜ ግን ቀለሙ ይጠፋል፤ የሚቀረው ግራጫ ነው። ስለዚህ ባለ ቀለሙን ሥዕል ወደ ጥቁርና ነጭ መመለስ ማለት ሦስቱን ቍጥሮች ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ የሚነቃ ስለ ሆነም፣ በብዙ ስፍራ የሚሠራበት ቀመር 59 በመቶ ያህሉን ከአረንጓዴው፣ 30 ያህሉን ከቀዩ፣ 11 ያህሉን ከሰማያዊው ይወስዳል። ከዚህ የተነሣ ቀይ ጽጌረዳና አረንጓዴ ቅጠሏ፣ በቀለም እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁት፣ በግራጫ አንድ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ።

በ1993 ስቲቨን ስፒልበርግ «የሺንድለር ዝርዝር» የተባለውን ፊልም ባወጣ ጊዜ ይህ ጥበብ ወደ ታላቅ ማዕርግ ደረሰ። ፊልሙ ከጥቂት ትዕይንቶቹ በቀር በሙሉ ጥቁርና ነጭ ነው። በማርች 1943 ናዚዎች በክራኮቭ የነበረውን የአይሁድ ሰፈር ባጠፉበት ቀን፣ የፊልሙ ባለ ታሪክ ሺንድለር ከኮረብታ ላይ በፈረስ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከት፣ ሰዎች እየተጐተቱና እየተተኰሰባቸው ባሉበት ጎዳና መካከል አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻዋን ስትሄድ ያያል፤ ካፖርቷ ቀይ ነው። ማንም አያስቆማትም፤ ማንም አያያትም፤ የሚያያት እርሱና ተመልካቹ ብቻ ናቸው። ቈይቶም ሬሳ በተጫነበት ጋሪ ላይ ያው ቀይ ካፖርት ይታያል። ዲሬክተሩ ራሱ እንዳስረዳው፣ የዚያ ሕዝብ መፈጀት እንደዚያች ልጅ ካፖርት ጐልቶ የሚታይ ሆኖ ሳለ፣ ኃያላኑ መንግሥታት እያወቁ ሊያስቆሙት አለመነሣታቸውን ለማሳየት ነው። ብዙ ሺህ ሰው በግራጫ ሲያልፍ ያየ ዓይን፣ የአንዲት ነፍስ ዋጋ ምን እንደ ሆነ በዚያች ቀለም ተረዳ።

በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሦስተኛው ፎቶሾፕ ሌየር የተባለውን፣ ሥዕልን በሥዕል ላይ እንደ ስስ መስተዋት የመደራረብ አሠራር አመጣ፤ በ1996 ደግሞ አራተኛው፣ ራሱ ሥዕል ሳይሆን ከበታቹ ያለውን ሥዕል መልክ ብቻ የሚለውጥ የማስተካከያ ሌየርን ጨመረ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች፣ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ፣ ጂምፕ የተባለውን በነፃ የሚታደል ፕሮግራም አወጡ፤ መሣሪያውም መግዛት ለማይችለው ሁሉ ተዳረሰ።

አሠራሩን በአንድ የሠርግ ፎቶግራፍ እንየው። ሙሽሪት ነጭ ቀሚስ ለብሳ ቀይ ጽጌረዳ ይዛለች፤ ባለሙያው አበባዋን ብቻ በቀለም ሊያስቀር ፈልጓል። በባለ ቀለሙ ሥዕል ላይ የጥቁርና ነጭ ማስተካከያ ሌየር ይደርብበታል፤ ሥዕሉም ሁሉ ወዲያው ግራጫ ይሆናል። ከሌየሩ ጋራ የተያያዘ ማስክ የተባለ መጋረጃ አለ፤ መጋረጃው ነጭ በሆነበት ስፍራ የሌየሩ ሥራ ያልፋል፤ ጥቁር በሆነበት ይታገዳል፤ ግራጫ በሆነበት በከፊል ያልፋል። እንግዲህ ባለሙያው ጥቁር ብሩሽ ይዞ በጽጌረዳዋ ላይ ሲቀባ፣ ቀለም እየጨመረባት ሳይሆን የተጋረደባትን ግራጫ እየከለከለላት ነው፤ የፓቴ ሠራተኞች በስለት የቈረጡት ቀዳዳ እዚህ በብርሃን ተሠራ። ቢሳሳትም የሚጠፋ ነገር የለም፤ ነጩን ብሩሽ አንሥቶ ስሕተቱን ይመልሳል፤ የታችኛው ሥዕል እንዳለ አለና።

የእጁ ጥበብ የሚፈተነው ግን በዳርቻው ላይ ነው። ሥዕሉን አጕልቶ በአበባዪቱ ጠርዝ ሲሄድ፣ ካሜራው አጥርቶ ባነሣው በኩል የብሩሹን ጠርዝ ያጠነክራል፤ በደበዘዘው በኩል ያለሰልሰዋል። የሙሽሪት ጣቶች በአበባው ግንድ መካከል ገብተዋልና ጣት ከግንድ፣ ግንድ ከጥላ እየለየ ይቀባል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ቀዩ አበባ በነጩ ቀሚስ ላይ የጣለው የቅላት ነጸብራቅ ነው፤ ጀማሪው ይህን ነጸብራቅ በግራጫው ያስውጠዋል፤ ያን ጊዜ አበባዪቱ ከሌላ ስፍራ ተቈርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። ዐዋቂው ግን በዚያ ስፍራ መጋረጃውን ግራጫ ቀብቶ ጥቂት ቅላት ያሳልፋል፤ ብርሃኑም ከምንጩ ጋራ ሳይለያይ ይቀራል።

በ1998 ጌሪ ሮስ «ፕሌዘንትቪል» በተባለው ፊልም ይህን ሥራ ወደ ሙሉ ታሪክ አሰፋው። ፊልሙ በቀለም ተቀርጾ በኮምፒዩተር ቀለሙ እየተመረጠ የተነሣ ሲሆን፣ በዚህ ዓይነት የታረሙት ቀረጻዎች 1,700 ያህል ነበሩ። በጥቁርና ነጭ ዓለም የሚኖሩ ሰዎች ልባቸው በነቃ ቍጥር አንድ በአንድ ቀለም ያገኛሉ፤ ከእነርሱም አንዲቱ እናት ፊቷ በቀለም ተገልጦ ባየችው ጊዜ ደንግጣ፣ ልጇ በግራጫ ቅባት እንዲሸፍንላት ታደርጋለች። ያንን ትዕይንት ያየ ሰው፣ ቀለም የነፍስ ነፃነት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያለ ቃል ይረዳል። በ2005 ሮበርት ሮድሪጌዝና ፍራንክ ሚለር የሠሩት «ሲን ሲቲ» ደግሞ ቀይ ከንፈርን፣ ቀይ ቀሚስንና ደምን ከጨለማ እያወጣ አሳየ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የመብዛት ዘመን ነው። በየአገሩ፣ በእኛም አገር ጭምር፣ በሠርግ አልበም ውስጥ ቀይ አበባ፣ ቀይ ከረባት፣ ቀይ መኪና በግራጫ ሥዕል መካከል መታየት ልማድ ሆነ፤ ትናንሽ ካሜራዎችም ሥዕሉን ገና ሲያነሡ አንዱን ቀለም መርጠው የሚያስቀሩ ሆኑ፤ ቀጥሎም ስልኩ ይህን ሥራ በጣት ንክኪ ተካነው። በ2018 ጉግል ባስታወቀው አዲስ አሠራር ደግሞ ማሽኑ ራሱ ሰውን ከበስተኋላው ለይቶ፣ ሰውን በቀለም፣ የቀረውን በግራጫ አድርጎ ያቀርባል፤ የሰው እጅ አይነካውም። ኢዘንሪንግ በቀጭን ብሩሽ የጀመረው፣ የቱዊሊየ ሴቶች ዓይናቸውን ያደከሙበት ሥራ በአንድ ቅጽበት ያልቃል።

ሥራው በመቅለሉ ማዘን አይገባም፤ ድካም በራሱ ጽድቅ አይደለምና። ነገር ግን ያ ድካም ሳይታወቅ ያበረክተው የነበረ አንድ ስጦታ አለ፤ ባለሙያውን መርጦ እንዲቀባ ያስገድደው ነበር። ዛሬ የሚያስገድደን የለም፤ ስለዚህ ምርጫው ከልብ ካልመጣ ከየትም አይመጣም። ማሽኑ ሰውን ከግድግዳ መለየት ያውቃል፤ በሺህ ሰው መካከል የምታልፈውን አንዲቱን ልጅ መምረጥ ግን ኀዘንን የሚያውቅ ልብ ይጠይቃል። ይህን ጥበብ ለሚማር ወጣት አንድ መፈተኛ ልንሰጠው እንወዳለን፤ ሥራውን ሲጨርስ ቀለሙን ከመረጠው ነገር አንሥቶ በሌላ ነገር ላይ በሐሳቡ ያኑረው። ከጽጌረዳው ወደ ጫማው ቢዛወር ሥዕሉ የሚለው ነገር ካልተለወጠ፣ መጀመሪያውኑ ምንም አላለምና ቀለሙን ሁሉ ይመልስለት፤ ወይም ሁሉንም ያንሣው። የልጅቱ ቀይ ካፖርት ወደ አንዱ ወታደር ቢዛወር ግን ፊልሙ ራሱ ሌላ ይሆናል፤ ተመልካቹም የሚያስበው ስለ ገዳዩ እንጂ ስለ ተገዳዪቱ አይሆንም። ቀለም በስፍራው የሚጸናው እንዲህ ሊነቀል የማይችል ሲሆን ነው።